መሪጌታን የጣለው መሪ

ባለቤቴ ገና ጎረምሳ ሳለ በቅሎ ጥላው ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሳገባውም እንዲሁ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ዳኛ ሆኖ ሲሠራ የመሬት ክርክር በተነሣ ቁጥር ቦታውን በዓይኑ ለማየት ወደ ደምበጫ፣ ወደ ሉማሜ፣ አንዳንዴም እስከ ቁይ ድረስ መውጣት ነበረበት። በአውቶቡስ የሄደ እንደሆነ ያንን ደረቅ እግር የሚያኖርበት ያጣል፤ በበቅሎ የሄደ እንደሆነ ጉልበቱ እንደ ቅል አብጦ ይመለሳል። በሞቀ ውሃና በጨው የማሸው እኔ ነበርሁ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ። ከእኛ ጋር ያስተምር የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ መኪናውን የሚገዛው ሰው አጣ። ማን ይግዛት? ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት አረንጓዴ የስፖርት መኪና ነበረች። ቁም ነገር አለኝ የሚል የደብረ ማርቆስ ሰው የሚመኛት ዓይነት አልነበረችም። ባለቤቴ አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ገብቶ ተቀመጠባት። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚቀመጥባት። ያን ደረቅ እግሩን ሲዘረጋው ፊቱ ሲበራ አየሁ።

«አልጋ ላይ የተጋደምሁ እኮ ነው የሚመስለኝ» አለ። «ጉልበት እንዳለኝም ረሳሁት።»

ገዛናት። እርሱ ግን ሊነዳት አይችልም፤ ፍሬን የሚረግጠው ያው ቀኝ እግር ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ከመሄዱ በፊት እኔን አስተማረኝ፤ አዲስ አበባ ሄጄም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ዳኛውን ወደ ሥራው የማደርሰው እኔ ሆንሁ። ሰው ማሾፉ አልቀረም። «ዳኛውን ሚስቱ ትነዳዋለች» ይሉ ነበር፣ ነገሩን በሁለት ወገን እያስያዙ። ባለቤቴ ይስቅ ነበር። «እውነታቸውን ነው፤ ያውም ደህና አድርገሽ ትነጂኛለሽ» ይለኝ ነበር። እኔም በዚያ ዘመን የማላፍር ሰው ነበርሁ። እንዲያውም ኮራ እል ነበር።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ መሪው እየላላ መጣ። በዚያች መኪና መሪውን ስታዞሩ ከታች ጥርስ ያለው አንድ ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ጎማዎቹን የሚያዞራቸው እርሱ ነው። ዘንጉን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዶ ጭቃና አቧራ ገብቶበት ጥርሱ ተበልቶ ነበር። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ አዲስ ዘንግ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልን፤ እኛም ወደ ከተማው መካኒክ ወሰድነው።

መካኒኩ ጠና ያለ፣ በጣሊያን ጊዜ ሥራ የለመደ፣ የጭነት መኪና ሞተር በድምፁ የሚለይ ሰው ነበር። እኔ ጋሼ እለው ነበር፤ እርሱም እመቤቴ ይለኛል። በከተማው የሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ ቢሰበር የሚያድነው እርሱ ስለሆነ ክብሩ ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለ መሪ ግን ከዚያ በፊት ፈትቶ አያውቅም። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ በከተማው ውስጥ ደልዳላ መንገድ ላይ አንድ ዙር ነድቶ «እንደ ሙሽራ ሆናለች» ብሎ አስረከበኝ። እውነትም መሪው ጠበቅ፣ ለስለስ ብሎ ነበር።

ወደ ደምበጫ ስንወጣ ነው ነገሩ የጀመረው። የግራ ጎማዋ ጉብታ ላይ በወጣች ቁጥር መኪናዋ ማንም ሳይነካት ወደ ግራ ትሳባለች። ደልዳላው ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ወይም የውሃ ቦይ ስታገኝ ደግሞ ጠጥታ እንደ ወጣች ሰው ወደ ጎን ትላለች። አንድ የገበያ ቀን ፈረሱን ጭኖ የሚሄድ ገበሬ ፈረሱን በአፍንጫው ጎትቶ ከመንገድ አስወጣውና «ኧረ በማርያም!» ብሎ ጮኸብኝ።

«እጅሽን አላልተሽው ይሆን?» አለኝ ባለቤቴ፤ በቁጣ አልነበረም።

ወደ መካኒኩ መለስኋት። እርሱም ያንኑ ደልዳላ መንገድ ዞረባትና ወርዶ እጁን እየጠረገ «መሪው ደህና ነው እመቤቴ» አለኝ። «እንግሊዙ እጁ ከባድ ነበር። የሴት እጅ ሲሆን ጊዜ መኪናዋ ታውቃለች። ጨበጥ ያድርጉት።»

ክፋት አልነበረበትም። የሚያስበውን ነው የተናገረው። ክፋቱ እኔ ማመኔ ላይ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ «ማረጋገጫ የሌለው ነገር አትቀበሉ» እያልሁ የምጮህ ሰው፣ ስለ ገዛ እጄ ግን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አመንሁ። መዳፌ እስኪላጥ ድረስ መሪውን ጨበጥሁ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ እግሩን ሲያዝናና እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ጉብታ ሲመጣ ትንፋሼን ይዤ እነዳለሁ። በትምህርት ቤት ጠመኔ ስይዝ መዳፌ ያቃጥለኝ ነበር፤ ተማሪ እንዳያይብኝ እጄን በነጠላዬ እሸፍን ነበር።

የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የዓመት ተዝካር ደረሰ። አገሩ ከሉማሜ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቴ የበኩር ልጅ ስለሆነ ቀድመን መድረስ ነበረብን፤ ዳሩ ግን ችሎት አቆይቶት ስንደርስ ሰው ሞልቷል። በሰፊው ግቢ ውስጥ ረጅም ዳስ ተጥሏል። በስተግራ በኩል፣ በዳሱ መግቢያ አጠገብ፣ ካህናቱ በማዕርጋቸው ተቀምጠዋል። ከሁሉም ከፍ ብለው የተቀመጡት የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ነበሩ። የባለቤቴን አባት ያስተማሩ፣ ባለቤቴንም ፊደል ያስቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው።

ያለፈው ቀን ዘንቦ ኖሮ ውሃ ወደ ዳሱ እንዳይገባ ቦይ ቆፍረው አፈሩን ከዳሩ ቆልለውታል። በዝግታ ገባሁ። ሰው ሁሉ ሊያየን ዞሯል። የግራ ጎማዋ አፈሩ ክምር ላይ ስትወጣ መኪናዋ ወደ ግራ ተፈናጠረች። በሁለት እጄ ወደ ቀኝ ጎተትሁ። አልደረስሁም። የጭቃ መከላከያዋ የዳሱን የማዕዘን ምሰሶ መታው፤ ምሰሶው ተነቀለ፤ ጣራው በቅጠሉ በእንጨቱ ቀስ ብሎ፣ አዎ ቀስ ብሎ፣ በካህናቱ ላይ ተኛ።

አንድ የጠላ ጋን ተሰንጥቆ ጠላው ሲንቆረቆር እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ወንዶች ሮጠው ጣራውን በትከሻቸው አነሡ። ካህናቱ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ወጡ፤ ጥምጥማቸው ተፈቷል፤ ቅጠል ፀጉራቸው ላይ ተሰክቷል። መሪጌታ መጨረሻ ወጡ። አግዳሚው እንጨት ትከሻቸው ላይ አርፎ አጥንታቸው ተሰብሯል።

«ማነው የነዳው?» አለ አንድ ከኋላ የነበረ ሰው።

«ሴቲቱ ናት» አለው ሌላው።

እኔ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደ ተከልሁ ቀርቻለሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ግን መቀመጥም አልተፈቀደልኝም፤ ባለቤቴ በዚያ እግሩ ከዚያች ዝቅተኛ መኪና ብቻውን መውጣት አይችልም። ሁልጊዜ እኔ ዞሬ፣ በሁለት ብብቱ ይዤ ነው የማወጣው። «አውጪኝ እንጂ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ካህናቱ እየተቃተቱ፣ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞሬ ሄጄ ባሌን እንደ ሕፃን ጎትቼ አወጣሁት። ነጠላዬ ወድቆ ጠላው ውስጥ ተነከረ። ያነሣልኝ አልነበረም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከጓዳ ወጥታ ዳሱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «ተዝካሩን…» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መሪጌታ ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋቸው ወጌሻ እስኪመጣ ፊታቸው አመድ መስሎ «ደህና ነኝ፤ ሰው ይብላ፤ የሟች ነፍስ አትራብ» ይሉ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በደኅናው እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ። ሰው በወደቀው ዳስ አጠገብ ሣር ላይ ተቀምጦ በላ። እኔም እንደ ቤቱ ምራት ወጥ ላቀርብ ብድግ ብል የባለቤቴ እህት ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና «አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዋን አልነካሁም። ግቢያችን ጥግ ላይ ቆመች፤ ዶሮዎች ከሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ወሬው ግን አልቆመም። ብዙም ሳይቆይ በከተማው አንዲት ግጥም ተሰማች፦

ተማሪ ቤት ዘጋ፣ ጉባኤው ተጓጐለ፤
እንግዲህ ምን ይባል፣ መሪ ጌታውን ጣለ።

አንድ ላይ ሲያነቡት መሪጌታውን ጣለ ነው። ለይተው ሲያነቡት ደግሞ መሪው የገዛ ጌታውን ጣለ ነው፤ ይህንን ሁለተኛውን የሚሉት ሰዎች መንግሥትን የነካ እንዳይመስልባቸው ግራና ቀኝ አይተው ነበር የሚስቁት። በዚህ ምክንያት ግጥሟ ይበልጥ ተወደደች። ገበያ ውስጥ አለች፤ ጠጅ ቤት አለች፤ በመጨረሻ ክፍሌ ገባች። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ መስመር ሳሰምር እጄ ትንሽ ዞረብኝ። ከኋላ ወንበር አንዱ «መሪው ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው እንዳዞርሁ መስመሩን አጥፍቼ እንደገና አሰመርሁ፣ እንደገናም አጠፋሁ፤ መዞር ስላቃተኝ ነው።

ባለቤቴ ወደ በቅሎው ተመለሰ። ጉልበቱ እያበጠ ሲመጣ እንደ ድሮው እያሸሁለት አንድም ቀን ወቀሳ ከአፉ አልወጣም። «ይለፍ፤ ሁሉም ያልፋል» ይለኛል። እኔ ደግሞ በጨው ውሃው ላይ አጎንብሼ ዓይኑን ማየት አቅቶኝ «ይኸው በእጄ ምክንያት» እላለሁ በልቤ።

በጋው ሲገባ ባለቤቴ ጎማዎቹ ቆመው እንዳይበሰብሱ መኪናዋን ድንጋይ ላይ እንስቀላት አለ። እርሱ ዱላውን ተደግፎ ቆመ፤ እኔ ከፊት በኩል ተንበርክኬ ክሪኩን አዞርሁ። የመኪናዋ አካል ከፍ እያለ ሲሄድ ጎማዎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። በዚያን ጊዜ የግራው ጎማ ዓይኔ እያየ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ዞር አደረገ።

«መሪውን ነካኸው?» አልሁት።

«እኔ? ከዚህ ቆሜ?»

ክሪኩን መልሼ ዝቅ አደረግሁት። ጎማው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከፍ አደረግሁ፤ ዞረ። ዝቅ፤ ተመለሰ። የቀኙን አየሁት፤ እርሱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እንደ ሕፃን ስንት ጊዜ እንደ ደጋገምሁት አላውቅም። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል፤ እንባዬ ይወርዳል።

ከዚያ መሬት ላይ በክርና በችንካር ሣልሁለት። ጎማውን የያዙት ክንዶች ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ በክብ መስመር ይወዛወዛሉ። ጥርስ ያለውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ብረትም እንደዚሁ በክብ መስመር ይወዛወዛል። ሁለቱ ክቦች ከተስማሙ ጎማው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ዘንጉ ከቦታው ዝቅ ካለ ግን ክቦቹ ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ብረቱ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል። ማንም መሪውን ሳይነካ መኪናዋ ትዞራለች።

ባለቤቴ የገበሬ ልጅ ነውና ቶሎ ገባው። «አንዱ በሬ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተጠመደ ሞፈሩ ይጣመማል፤ ያኔ የሚገረፈው ግን አራሹ ነው» አለ።

የጢም መላጫ መስተዋቱን አምጥቼ የግራው ጎማ ላይ አሰርሁት። ፀሐይዋ ከመስተዋቱ ተመልሳ በኖራ በተቀባው ግድግዳችን ላይ ትንሽ ብርሃን ጣለች። ክሪኩን ሳነሣ የግራው ብርሃን ወደ ጎን አንድ ጋት ያህል ሸሸ። መስተዋቱን ወደ ቀኙ ጎማ ሳዛውረው ብርሃኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሥር ተጋድሜ ስመለከት ምክንያቱን አገኘሁት፦ በቀኝ በኩል ዘንጉ የተቀመጠው በተደራረቡ ስስ ላሜራዎች ላይ ነው፤ በግራ በኩል ምንም የለም።

ባለቤቴ «ጠርተነው እዚሁ እናሳየው» አለኝ። አልሰማሁትም። በአፈር የተለወሰ ቀሚሴን ሳልቀይር ወደ ጋራዡ ሄድሁ። አውቶቡስ ተበላሽቶ ተሳፋሪው፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ ሁሉ እዚያ ቆመዋል። ቆይ ሰው እስኪሄድ ማለት እችል ነበር። ሰው እንዲኖር ነበር የፈለግሁት።

«ጋሼ፣ እጄ አይደለም» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ሥራዎ ነው።»

ከአውቶቡሱ ሥር ወጣ። «ምኑ እመቤቴ?»

«ከአሮጌው የመሪ ዘንግ ሥር ስስ ላሜራዎች ነበሩ። የቀኙን መለሱት፤ የግራውን የት አደረጉት?»

ትንሽ አሰበ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ወደ ውስጥ ገብቶ ትርፍ ብሎን የሚያጠራቅምበትን ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ከውስጡ ላሜራዎቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋቸው። «አሉ» አለ። «አዲሱ ዘንግ በግራ በኩል አልገጥም ብሎኝ ነው። የአሮጌው መላላት መሙያ መስለውኝ ተውኋቸው።»

«በግራ ዘንጉ ዝቅ ብሏል። ጉብታ ላይ ስትወጣ ራሷን የምታዞረው ለዚህ ነው።»

ላሜራዎቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ሲገባው ከፊቱ አየሁት። በዚያው ቅጽበት የአውቶቡሱ ሹፌር ሳቁን ለቀቀው። «እንዲህ በሉኛ! ለካ መሪጌታን የጣሉት እርስዎ ኖረዋል!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አንዷ ሴትዮ ግጥሟን ከዳር እስከ ዳር ደገመቻት።

መካኒኩ ቀድሞውንም የቆሸሸ ጨርቅ አንሥቶ እጁን መጥረግ ጀመረ፤ ጣት በጣት፣ ከጥፍር እስከ ክርን፤ አላቆመም። ጆሮው ቀልቶ ነበር። አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ሐፍረት ሸክም ይመስለኝ ነበር፤ ለሌላ ሲያሸክሙት ከራስ የሚወርድ። ይኸው እርሱ ላይ ወጣ፤ ከእኔ ግን አልወረደም። እንዲያውም አዲስ ተጨመረበት። ወጥቼ ሄድሁ፤ የሹፌሩ ሳቅ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከተለኝ።

በማግሥቱ መፍቻዎቹን በጆንያ ይዞ ወደ ግቢያችን መጣ። «ጋራዥ አልወስዳትም፤ እዚሁ ልሥራት» አለ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ። ጎማው እንደ ልብ እንዲወጣና እንዲወርድ ሞላውን አወለቀ። መስተዋቱን አሰርን። ላሜራዎቹን በቦታቸው መለሰ፤ ብርሃኑ ቀነሰ እንጂ መሸሹን አልተወም፤ አዲሱ ዘንግ ከአሮጌው ትንሽ ይለያል። ከዘይት ጣሳ ስስ ቁራጭ ቆርጦ ጨመረ። አሁን ብርሃኑ ወደ ሌላው ወገን ሸሸ። አንዱን አወጣ።

«እንዴት ነው?» ይለኛል ከሥር።

«በዛ። ይቀንሱ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ይጨምሩ።»

ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ፀሐይዋ ከግድግዳው ስትወርድ እናቆማለን፤ በማግሥቱ እንቀጥላለን። በመጨረሻ ብርሃኑ በግራም በቀኝም ጎን ሳይል ወጣ ወረደ፤ ከጫፍ ሲደርስ ብቻ የጣት ጥፍር ያህል ይንቀሳቀሳል። «ጨርሶ አልጠፋም» አለ። «ጨርሶ አይጠፋም መሰለኝ። ቀንሷል።» ይበቃል አልሁት።

ብሎኖቹን አጥብቆ እንደ ጨረሰ ሳይታሰብ «መሪጌታ ዘንድ ይውሰዱኝ» አለኝ።

በዚያው መንገድ ነዳሁት። ጎድጓዳና ድንጋይ ሲመጣ እርሱም እኔም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ መኪናዋ ትነጥራለች፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሪጌታን ከጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ አጎዛ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ክንዳቸው ግን ከደረታቸው በላይ አይነሣም። ከእንግዲህ በማኅሌት ጸናጽል ይዘው አይወዛወዙም ማለት ነው። መካኒኩ ጉልበታቸውን ስሞ «አባቴ፣ የጣልሁዎት እኔ ነኝ፤ እርሷ አይደለችም» አላቸውና ሁሉን ተናገረ።

መሪጌታ ሰሙት። ከዚያ ዞረው ረጅም ጊዜ እኔን አዩኝ። «ለካ ልጄ አላጠፋሽም» አሉኝ። ነጠላቸውን ስበው ግማሽ ፊታቸውን ሸፈኑ። «ያቺን ግጥም ሰምተሻል?»

«ያልሰማ የለም አባቴ።»

«እኔ ነኝ ያልኋት።» ድምፃቸው አነሰ። «ወጌሻው አጥንቴን ሲያስገባ ሕመሜን ልረሳ ብዬ። ቃሉ ሲገጥም ጊዜ ደስ አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አንቺ ጆሮ ትደርሳለች አላልሁም።» ነጠላቸውን ይበልጥ ሳቡና «ውሸት ነው፤ አስቤው ነበር። ግን ቃሉ አማረኝ» አሉ።

ሦስታችንም እዚያ ተቀምጠን ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፋብን። መሪጌታ እኔን የሚያነጻ ሌላ ግጥም እንደሚያወጡ ማሉልኝ። አወጡም፤ ያማረ፣ ምስጢሩ የጠለቀ ነበር አሉ። ማንም አልያዘውም። አያስቅም ነበርና።

አማቴ ቤትም ደረስን። ባለቤቴ ቀድሞ መልእክት ልኮላት ስለነበር ነገሩን ታውቃለች። እኔ ከፊቷ ቆሜ «እማማ፣ መኪናዋ ነበረች እኮ» አልኋት። እሷም ጋቢዋን አስተካክላ «ሰምቻለሁ ልጄ» አለች። «መኪናዋም ትሁን አንቺም ሁኚ፣ ዳሱ ግን ወድቋል።» ምግብ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። አልተቆጣችም። እውነቱን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴን ወደ ደምበጫም ወደ ሉማሜም ማመላለስ ቀጠልሁ፤ ጉልበቱም ማበጡን ተወ። በጋራዡ በር ማለፍ ግን ስለከበደኝ በገበያው በኩል እዞር ነበር። መካኒኩ ከዚያ ወዲህ ትንንሽ መኪና አልቀበልም ማለቱን ሰማሁ። በሰው ፊት ያን ያህል ባልጮህበት ኖሮ እላለሁ፤ እርሱም ስለ ሴት እጅ ያን ባይል ኖሮ። እንዲህ እያልሁ ወራት ሄዱ።

ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረና ዕቃችንን በጭነት መኪና ልከን እኛ በትንሿ መኪና ልንነሣ ስንል፣ ማለዳ መካኒኩ ሳንጠራው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በአውራ ጣቱ ተጫነ። እኔም አጠገቡ ጎንበስ አልሁ። በሰው ፊት ስለ ጮህሁበት ይቅርታ ልለው ነበር የፈለግሁት፤ እርሱም የሚለኝ ነገር እንዳለው አወቅሁ።

«የኋላው ነፋስ ትንሽ አንሶታል» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። «ደጀን ስንደርስ እናስሞላዋለን።»

«ዓባይ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አያብዙ፤ በማርሽ ይያዙት።»

«እሺ ጋሼ።»

«በሉ፣ በሰላም ይግቡ» አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ባለቤቴ መቀመጫው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሞተሩን አስነሣሁ።